«ተገልጦልኝ ጻፍሁት» የሚል መጽሐፍ በቅጂ መብት ሕግ ፊት

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ በተክለ ሃይማኖት ደብር ዙሪያ፣ ወር በገባ በ24 ብዙ ምእመናን ይሰባሰባሉ። እንደ ሌሎች አድባራት ሁሉ በመንገዱ ዳር ጧፍ፣ ሥዕልና መጽሐፍ የሚሸጡ ሰዎች ይቀመጣሉ። በከተማዋ የመጽሐፍ መደብሮችና የመንገድ ዳር መደርደሪያዎች ላይ ደግሞ ስለ ኮከብ፣ ስለ ዕጣ ፈንታና ስለ መጪው ዘመን እንናገራለን የሚሉ መጻሕፍት ከሌሎች ጋር ተደርድረው ይታያሉ። ከዚያው ሰፈር እምብዛም ሳይርቅ የፌዴራል ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት ይገኛል። መጽሐፉ የሚሸጥበትና ክርክሩ የሚዳኝበት ቦታ ይህን ያህል ተቀራራቢ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚነሣ አንድ ጥያቄ ነው። ረቂቅ ዕውቀት አለኝ፣ የተሰወረ ይታየኛል የሚል ደራሲ ያሳተመው መጽሐፍ፣ እንዲህ ያለውን ነገር በጥርጣሬ ከመረመረ ሌላ ጸሐፊ ሥራ ቃል በቃል የተወሰደ ነው ተብሎ ቢከሰስ ነገሩ በምን ይመዘናል? «እኔ አልገለበጥሁም፤ ተገልጦልኝ ነው» የሚለው ምላሽስ ያድናል?

መልሱ ባጭሩ ይህ ነው። መንፈስ መኖር አለመኖሩን ሕግ አይመረምርም፤ የሚመረምረው ገጹን ነው። ሁለት ገጾች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚሰጡት ምስክርነት፣ ደራሲው ስለ ራሱ ከሚሰጠው ምስክርነት ይበልጣል።

የሥነ ጽሑፍ ስርቆት ምንድን ነው?

የሥነ ጽሑፍ ስርቆት ማለት የሌላውን ሰው ጽሑፍ ወስዶ፣ ባለቤቱን ሳይጠቅሱ፣ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነው። የቅጂ መብት ጥሰት ደግሞ በሕግ የተጠበቀን ሥራ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማባዛት፣ መተርጎም ወይም ማሰራጨት ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ቢገኙም አንድ አይደሉም። የደራሲውን ስም በትክክል ጠቅሶ መጽሐፉን ያለ ፈቃድ ያሳተመ ሰው መብት ጥሷል፤ የሌላ ሰው ድካም የራሴ ነው ግን አላለም። የጥበቃ ዘመኑ ያለፈበትን ጥንታዊ ጽሑፍ በስሙ ያወጣ ሰው በአንጻሩ የባለመብትን ገንዘብ አልነካም ይሆናል፤ አንባቢን ግን አታልሏል።

ረቂቅ ኃይል አለኝ የሚል ሰው ከተጠራጣሪ መርማሪ ጽሑፍ መውሰዱ በመጀመሪያ ሲታይ እንግዳ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ለመረዳት የሚያዳግት አይደለም። ተጠራጣሪው አንድን ነገር ለመመርመር ሲል ታሪኩን ከሥር መሠረቱ ይሰበስባል፤ ማን ተናገረ፣ የት ተደረገ፣ መቼ ታየ፣ በምን ዘዴ ተሠራ የሚለውን በዝርዝር ይጽፋል። መደምደሚያውን ብቻ ቆርጦ የጣለ ሰው፣ የተቀረውን ዝርዝር ለማመን ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል። በዚህ ጊዜ የተሰረቀው ቃል ብቻ አይደለም፤ የጸሐፊው ሐሳብም ተገልብጦ በተቃራኒው እንዲመሰክር ተደርጓል።

ከዓለም ታሪክ፦ የብላቫትስኪ ጉዳይ

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ክስ የቀረበው በሩሲያ ግዛት ተወልዳ፣ በአሜሪካ፣ በሕንድና በእንግሊዝ በኖረችው በሄለና ብላቫትስኪ ላይ ነው። ብላቫትስኪ እ.ኤ.አ በ1875 በኒው ዮርክ ከተመሠረተው የቴዎሶፊ ማኅበር መሥራቾች አንዷ ነበረች። በ1877 በሁለት ቅጽ ያሳተመችው «አይሲስ አንቬይልድ» የተሰኘ መጽሐፏ ከተሰወሩ መምህራን የተገኘ ጥበብ እንደያዘ ተነገረለት። የሥራ ባልደረባዋ ሄንሪ ኦልኮት፣ ስትጽፍ ዓይኗን ወደ ባዶ አየር ተክላ፣ ሌላ ሰው የማያየውን መጽሐፍ እንደምታነብ ሆና ትገለብጥ እንደነበር በትዝታው ጽፏል።

ዊልያም ኤሜት ኮልማን የተባለ አሜሪካዊ ግን ሌላ ማብራሪያ አቀረበ። በ1895 በታተመ ጽሑፉ፣ መጽሐፉ በወቅቱ ገበያ ላይ ከነበሩ አንድ መቶ ያህል መጻሕፍት የተወሰዱ፣ ምንጫቸው ያልተጠቀሰ ወደ 2000 የሚጠጉ አንቀጾች አሉበት ሲል ከሰሰ። የማይታየው ቤተ መጻሕፍት፣ እንደ እርሱ አባባል፣ በመደርደሪያ ላይ የሚታይ ቤተ መጻሕፍት ነበር።

ይህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛው፣ ክሱ የተመሠረተው በመጻሕፍት ንጽጽር ላይ መሆኑ ነው፤ ኮልማን ራሱ በመናፍስት ግንኙነት የሚያምን ሰው ስለነበር ክርክሩ የአማኝና የኢአማኝ ጠብ አልነበረም። ሁለተኛው፣ ከሳሽም የማስረዳት ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው። ኮልማን ሙሉውን ማስረጃ በመጽሐፍ አወጣለሁ ቢልም ሳያወጣ ሞተ። የብላቫትስኪ ደጋፊዎችም ምንጭ የጠቀሰችባቸውን ቦታዎች እየዘረዘሩ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። መከሰስ ጥፋተኛ መሆን አይደለም፤ ንጽጽሩ ገጽ በገጽ፣ መሥመር በመሥመር ሲቀርብ ብቻ ነገሩ ይጸናል።

«የጻፈው መንፈስ ነው» ሲባል ፍርድ ቤት ምን አለ?

እ.ኤ.አ በ1926 በእንግሊዝ ሀገር አንድ ለየት ያለ ክርክር ቀረበ። ጄራልዲን ከሚንስ የተባለች፣ መናፍስት በእጄ ይጽፋሉ የምትል ሴት፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከሞተ ሰው ተቀበልሁት ያለችውን ረጅም ጽሑፍ ጻፈች። በጽሕፈቱ ሰዓት አብሯት ይቀመጥ የነበረው የሥነ ሕንጻ ባለሙያው ፍሬደሪክ ብላይ ቦንድ ጽሑፉን እየገለበጠ፣ ሥርዓተ ነጥብ እየጨመረና በአንቀጽ እየከፈለ ያዘጋጅ ስለነበር፣ በሥራው ላይ መብት አለኝ አለ።

ዳኛው ኢቭ የሰጡት ፍርድ በቅጂ መብት ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የፍርድ ቤቱ ሥልጣን ወደ ወዲያኛው ዓለም እንደማይሻገር ገልጸው፣ በዚህ ዓለም ካሉት ሰዎች መካከል ጽሑፉን በእጇና በአእምሮዋ ያስገኘችው ከሚንስ በመሆኗ መብቱ የእርሷ ነው ሲሉ ወሰኑ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ በ1997 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሰማያውያን ፍጥረታት ሰጡት ስለተባለው ስለ «ዩራንሺያ» መጽሐፍ ሲፈርድ፣ የቅጂ መብት ሕግ የሚጠብቀው የሰው ልጅ የፈጠራ ድርሻ ያለበትን ሥራ መሆኑን አስረድቷል።

የእነዚህ ፍርዶች መልእክት ለተነሣንበት ጥያቄ ቁልፍ ነው። ከመጽሐፉ የሚገኘው መብት የሰውየው ከሆነ፣ ከመጽሐፉ የሚመጣው ተጠያቂነትም የሰውየው ነው። ገቢውን በራሱ ስም እየተቀበለ ጥፋቱን ለመንፈስ ሊያስተላልፍ አይችልም። ጽሑፉ ከሌላ ሰው የታተመ መጽሐፍ ጋር ቃል በቃል ከተመሳሰለም፣ «ቃሉ ተነገረኝ» ማለት ያንን መመሳሰል አያስቀረውም።

በተቃራኒው አቅጣጫ የቀረበ ክስ

የቅጂ መብት በሁለቱ ወገኖች መካከል እንደ ጋሻም እንደ ጦርም ሲያገለግል ታይቷል። ማንኪያ በሐሳቤ ኃይል አጣምማለሁ በማለት ዝነኛ የሆነው ኡሪ ጌለር ለረጅም ዘመን የተሟገተው ከምትሃት ባለሙያውና ከመርማሪው ከጄምስ ራንዲ ጋር ነበር። ራንዲ ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ኃይል በቁጥጥር ሥር ባለ ፈተና ለሚያሳይ ሰው ሽልማት የሚሰጥ ውድድር እ.ኤ.አ በ1964 በ1 ሺህ ዶላር ጀምሮ በኋላ 1 ሚሊዮን ዶላር አድርሶት ነበር። ውድድሩ በ2015 እስኪዘጋ ድረስ ሽልማቱን የወሰደ ሰው አልተገኘም።

እ.ኤ.አ በ2007 ከጌለር ጋር የተያያዘ ድርጅት፣ ራንዲ የሚታይበትን የ13 ደቂቃ ያህል ተንቀሳቃሽ ምስል ከዩቲዩብ አስወረደ። ምክንያቱ፣ በውስጡ ያሉ ጥቂት ሰከንዶች የእኔ ንብረት ናቸው የሚል ነበር። ምስሉን የለጠፈው ሰው በፍርድ ቤት ተሟገተ፤ በ2008 ጉዳዩ በስምምነት ተቋጨ፤ የተባለው ቁራጭ ምስልም ለንግድ ላልሆነ ዓላማ በነጻ እንዲሠራበት ተፈቀደ። ለመተቸት ሲባል ጥቂት መጥቀስና የሰውን ሥራ ጠቅልሎ መውሰድ የተለያዩ መሆናቸውን ይህ ጉዳይ በግልጽ ያሳያል።

የሥነ ልቡና ተመራማሪው በርትራም ፎረር የሠራው ሙከራም እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባዋል። ፎረር እ.ኤ.አ በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ «ይህ የአንተ የግል ባሕርይ መግለጫ ነው» እያለ ወረቀት አደላቸው። ተማሪዎቹም ትክክለኛነቱን ከ5 ነጥብ በአማካይ 4.26 ሰጡት። የሁሉም ወረቀት ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ ዐረፍተ ነገሮቹንም የሰበሰበው በጋዜጣ መሸጫ ከተገኘ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። ፎረር ከየት እንደወሰደ በግልጽ ተናግሮ፣ ለምርምር ተጠቀመበት። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ምንጩን የገለጠ ሰው አስተማረ እንጂ አልሰረቀም።

በሀገራችን ያለው ሥር

በኢትዮጵያ የጥንቆላና የኮከብ ቆጠራ ጽሑፍም፣ የእርሱ ተቃውሞም ረጅም ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጠንቋዮችንና አስማተኞችን አጥብቀው ያወግዙ ነበር፤ «መጽሐፈ ብርሃን» እና «መጽሐፈ ሚላድ» በተባሉ ሥራዎችም ይህ ውግዘት ይገኛል። ስለዚህ በሀገራችን ጠንቋይን የሚሞግት ጽሑፍ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል «ዐውደ ነገሥት» በሚል ስም የሚታወቀው የሒሳብ መጽሐፍ ለትውልድ ሲገለበጥ ኖሯል። በዚህ ሥርዓት የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ቁጥር ይደመራል፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ በቀሪው ኮከቡ ይነገራል። ሐመል፣ ሠውር፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሚዛን፣ አቅራብ የሚሉት የኮከብ ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ይህም ዕውቀቱ በየዘመኑ ከሌላ ሕዝብ ጽሑፍ እየተቀዳ እንደተሠራ ራሱ ይመሰክራል።

እንዲህ ያለ ጥንታዊ ጽሑፍ የማንም ግለሰብ የግል ንብረት አይደለም። ዛሬ አንድ ሰው የዐውደ ነገሥትን ስሌት ቢያሳትም በስሌቱ ምክንያት ብቻ ሌላውን ሊከስም ሊከሰስም አይችልም። አንድ የዘመናችን ጸሐፊ ስሌቱ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደማያስተማምን በራሱ ቃል ያብራራበት ምዕራፍ ግን የእርሱ ነው። ያንን ምዕራፍ ወስዶ «ከአባቶች በምሥጢር የተቀበልሁት» ማለት ስርቆት ነው።

የደራሲነት ጥያቄ በሀገራችን ሊቃውንት ዘንድም በብርቱ ያከራከረ ነው። ከንጉሡ ጋር የስም ተመሳሳይነት ብቻ ያለው የፈላስፋው «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» ለዚህ ምሳሌ ነው። ጽሑፉን ወደ አውሮፓ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ሚሲዮናዊ ነበር። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ በ1920 የጽሑፉ ደራሲ ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ብሎ ተከራከረ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከሙ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ሁለቱም ወገኖች የሚሟገቱት ግን ቅጂዎችን፣ የቋንቋውን ጠባይና የሐሳቡን ምንጭ እያነጻጸሩ ነው። ለማንኛውም የደራሲነት ክርክር የሚበጀው መንገድ ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንብረት ሲል የሚጨበጠውን ብቻ ሳይሆን፣ በጉልበት፣ በመፍጠር ችሎታ ወይም በካፒታል የተገኘውን የማይጨበጥ ፍሬም ይጨምራል። በገበሬ አባባል፣ ደራሲ ያረሰው ማሳ ወረቀት ነው፤ ምርቱም እንደ ጤፉና እንደ ስንዴው ባለቤት አለው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥነ ጽሑፍና ሥነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ከአዋጁ ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ይገኙበታል።

• ሥራው ወጥ ከሆነና ከተቀረጸ ወይም ከተጻፈ፣ ጥበቃው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ይጸናል። መብቱን ለማግኘት መመዝገብ ግዴታ አይደለም።

• ሐሳብ፣ ዘዴ፣ ቀመርና ተራ መረጃ አይጠበቁም። የሚጠበቀው ሐሳቡ የተገለጸበት ቃልና አቀራረብ ነው።

• ማባዛት ብቻ ሳይሆን መተርጎምም የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። የውጭ ደራሲ ሥራ የሚጠበቀው ግን በመኖሪያው፣ በመጀመሪያው የኅትመት ቦታ ወይም ኢትዮጵያ በገባችበት ስምምነት መሠረት ነው።

• ደራሲው ስሙ በሥራው ላይ እንዲጠቀስለት፣ ሥራውም ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይዛባ የመጠየቅ የሞራል መብት አለው። ይህ ነጥብ ጽሑፉ ተቆርጦ በተቃራኒው እንዲመሰክር ለተደረገበት ተጠራጣሪ ጸሐፊ ትልቅ ትርጉም አለው።

• ምንጩንና የደራሲውን ስም ጠቅሶ፣ በተገቢ መጠን መጥቀስ ይፈቀዳል።

• የገንዘብ ጥቅም የሚያስገኘው መብት ደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል።

• መብቱ የተጣሰበት ሰው ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። የ1996ቱ አዋጅ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ100 ሺህ ብር እንዳያንስ ደንግጓል። ሆን ብሎ መብትን መጣስም በወንጀል ያስቀጣል።

ከቅጂ መብት ውጭ ሌላ ጥያቄም አለ። በመጽሐፉ ዝና ተማምኖ ሰው ወደ ደራሲው ቢሄድ፣ ደራሲውም በሐሰት አሳምኖ ገንዘቡን ቢወስድበት፣ ጉዳዩ የሥነ ጽሑፍ ብቻ መሆኑ ይቀራል። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692፣ የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት ሲል ሌላውን ሰው አታልሎ የንብረት ጥቅሙን እንዲጎዳ የሚያደርግን ሰው ይቀጣል። ሕጉ የሰውን እምነት አይዳኝም፤ የሚዳኘው የማታለሉን ሥራ ነው።

ስርቆቱ በምን ይታወቃል?

ከብዙ ምልክቶች ውስጥ ማንም አንባቢ ሊያስተውላቸው የሚችሉ አሉ። አንደኛው የጋራ ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ አንድን ዓመት ወይም የሰው ስም ተሳስቶ ጽፎ ከሆነ፣ ያው ስሕተት በሁለተኛው መጽሐፍ መገኘቱ ከባድ ማስረጃ ነው። እውነትን ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ሊደርሱበት ይችላሉ፤ አንድ ዓይነት ስሕተትን ግን ለየብቻ መሳሳት እምብዛም አያጋጥምም። ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው፤ አምስት ምሳሌዎች በዚያው ተራ፣ በዚያው አያያዥ ቃል ከተደረደሩ አጋጣሚ ነው ማለት ያስቸግራል። ሦስተኛው የቋንቋው መለዋወጥ ነው፤ በተራ አነጋገር የተጻፈ መጽሐፍ ድንገት በአንድ ምዕራፍ የምርመራ ጽሑፍ ጠባይ ቢይዝ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጽሑፉ ተወሰደብኝ የሚል ሰውም ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ረቂቁን፣ የእጅ ጽሑፉንና ለማተሚያ ቤት የሰጠበትን ደረሰኝ ከነቀኑ ያስቀምጥ። የሁለቱን መጻሕፍት ገጾች በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን አድርጎ፣ የገጽ ቁጥራቸውን ጽፎ ያዘጋጅ። ሥራውን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግዴታ ባይሆንም ክርክር በተነሣ ጊዜ ለማስረጃነት ይጠቅመዋል። ከዚያ በፊት በአደባባይ ስም ማጥፋት ግን ራሱን ተከሳሽ ሊያደርገው ስለሚችል፣ በመጀመሪያ ለአሳታሚውና ለደራሲው በጽሑፍ ማሳወቅ ይበጃል።

ለአንባቢ የሚተርፈው

የዚህ ሁሉ ነገር ጉዳት የሚያርፈው በሁለቱ ጸሐፊዎች ላይ ብቻ አይደለም። ሰው ብዙ ጊዜ ወደ አዋቂ የሚሄደው ሲቸገር ነው፤ ከብቱ ሲታመም፣ ልጁ ሲጠፋ፣ ሕመሙ መድኃኒት ሲያጣ። እ.ኤ.አ በ2004 ሲልቪያ ብራውን የተባለች ስመ ጥር አሜሪካዊት ደራሲና ባለ ራእይ ነኝ ባይ፣ ልጇ የጠፋችባትን እናት በቴሌቪዥን ፊት ልጅሽ በሕይወት የለችም አለቻት። እናትየዋ በ2006 አረፈች። ልጅቱ ግን በ2013 ከታገተችበት ቤት በሕይወት ወጣች። የብራውን መጻሕፍት በብዙ ሺህ ቅጂ የተሸጡ ነበሩ፤ የመጽሐፉ ብዛት ግን ቃሉን እውነት አላደረገውም።

በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ዝርዝርና እርግጠኛ አነጋገር አንባቢን የሚያሳምነው፣ ጸሐፊው ደክሞ ያገኘው ስለሚመስል ነው። ያ ድካም የሌላ ሰው ከሆነ፣ ይልቁንም ነገሩን መርምሮ «አትታለሉ» ብሎ የጻፈ ሰው ከሆነ፣ አንባቢው የተነጠቀው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ለእርሱ የተጻፈለትን ማስጠንቀቂያም ጭምር ነው። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። በደብሩ ደጃፍም ሆነ በገበያ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ታዲያ ከመክፈሉ በፊት አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ይጠቀማል፦ ይህ ሰው የጻፈውን ከየት አገኘው? ምንጩን የሚያሳይ መጽሐፍ ሊመረመር ይችላል። «ተገለጠልኝ» ብቻ ለሚል መጽሐፍ ግን መርማሪው አንባቢው ራሱ ነው።